በጥናት ጽሑፍ ማጣቀሻ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምርቃት ወቅት ሲቃረብ ደሴ ፒያሳ ያሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በተመራቂ ይጨናነቃሉ። ኮምቦልቻም እንደዚያው ነው። ምዕራፎቹ ያልቁና ሪፈረንሱ በመጨረሻዋ ሌሊት ይለጣጠፋል። ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ያላነበቡትን እንዳነበቡት አድርጎ መጥቀስ ነው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን የወሎ ረሃብ የሚያጠና ተማሪ ኢኮኖሚስቱን አማርትያ ሴንን ሳይጠቅስ አያልፍም። ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ አይቶ፣ ዋጋው ያን ያህል እንዳልናረ ጽፏል። ችግሩ ሰው የመግዛት አቅም ማጣቱ ነው ብሎም ተከራክሯል። ይህን ከሌላ ሰው ቴሲስ ቀድታችሁ «ሴን (1981)» ካላችሁ፣ ያ ሰው አሳስቶ ተረድቶት ቢሆን ስህተቱ የእናንተ ሆነ ማለት ነው። ፈታኙ «ስለ ደሴ ዋጋ የጻፈው የት ጋ ነው?» ቢል ምን ትመልሳላችሁ? ዋናውን ፈልጋችሁ አንብቡ። ካጣችሁት «ሴን (1981)፣ በእገሌ (2015) እንደተጠቀሰው» በሉ። በዋቢ ዝርዝሩ የሚገባውም ያነበባችሁት የእገሌ ሥራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። የውጭ መመሪያዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። እኛ ጋ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ታሪክ ጸሐፊውን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ (1991)» ብሎ መጥቀስ የልጅን ድካም ለአባት መስጠት ነው። ዞቴሮ የተባለውን የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ከደራሲው ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት ተጭናችሁ ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን አስገቡት፤ አይገለብጠውም። የትምህርት ክፍላችሁ ሌላ መመሪያ ካለው እሱን ተከተሉ፤ ግን አንዱን እዚህ ባሕሩ፣ እዚያ ዘውዴ አታድርጉት።

ዓመተ ምሕረትም ያምታታል። ያለ ምንም ምልክት «2010» ከተጻፈ የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ። ስትቀይሩ ደግሞ ሁልጊዜ 8 አትደምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል።

ቁጥርን ያለ ምንጩ መወርወር ሌላው ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የደሴ ሕዝብ 151,174 ነው የሚል ታገኛላችሁ፤ 120,095 የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው በከተማው ሥር ያለውን ገጠር ይጨምራል፤ ሁለተኛው የከተማ ነዋሪውን ብቻ ይዟል። «በቆጠራው መሠረት» ብላችሁ ካለፋችሁ አንባቢው የትኛውን እንደያዛችሁ በምን ያውቃል? ሰንጠረዡንና ገጹን ጻፉ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። በኤፒኤ (የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር) የአጠቃቀስ መመሪያ በስልክ ወይም በአካል ያነጋገራችሁት ባለሙያ በጽሑፉ ውስጥ ይጠቀሳል እንጂ በዋቢ ዝርዝሩ አይገባም፤ አንባቢ ሄዶ ሊያገኘው አይችልምና። የጥናታችሁ ተሳታፊ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ፣ ስሙ ሳይወጣ «ተሳታፊ 3» ተብሎ በግኝቱ ይቀርባል። ስሙን ማውጣት እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል።

ስለ መንዙማ ወይም ስለ ቦሩ ሜዳ ታሪክ ቁጭ ብለው ያጫወቱንን አባትና እናት «ይባላል» ብሎ ማለፍስ? ይህ በጣም ቅር ያሰኘኛል። ለመጽሐፍ ደራሲ የምንሰጠው ክብር ለእነሱም ይገባል። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ስማቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ። በታሪክ ጥናት የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር መጨረሻ ላይ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሪፈረንስ ከቻትጂፒቲ አትቀበሉ። የሌለ መጽሐፍ በእውነተኛ ደራሲ ስም ጽፎ ይሰጣል። ቤተ መጻሕፍት ወይም ኢንተርኔት ላይ በዓይናችሁ ያላያችሁት ዝርዝራችሁ ውስጥ አይግባ።

ዓረፍተ ነገሩን በራስ ቃል መለወጥ ከመጥቀስ ነጻ አያደርግም። ሐሳቡ የሰው ከሆነ ሰውየው ይጠቀስ። ቃል በቃል ከወሰዳችሁት ትእምርተ ጥቅስና ገጽ ይኑረው።

ከማስረከባችሁ በፊት ጓደኛ ጥሩ። አንዱ ጽሑፉን እያነበበ የተጠቀሰውን ስም ይጥራ፤ ሌላው ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያድርግ። ምልክት ያላገኘው ከዝርዝሩ ይውጣ፤ ተጠርቶ የጠፋውም ይግባ።