ኮዱን ለማንም አትስጡ፦ ተማሪዎች ኦንላይን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። አንድ ማታ የቅርብ ጓደኛዋ በቴሌግራም ጻፈችላት። «ውድድር ላይ ነኝ፣ ድምፅ ስጪኝ» ይላል፤ ከሥሩ ሊንክ አለው። ነካችው። ገጹ ስልክ ቁጥር ጠየቃት፣ አስገባች። ወዲያው ባለ አምስት አሃዝ ኮድ መጣላት፣ እሱንም አስገባች። ድምፅ የሰጠች መስሏት ተኛች።

ጠዋት በእሷ ስም ለዘመድ ለጎረቤቱ «2,000 ብር በቴሌብር ላኩልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ተልኮ አገኘች። አንዷ አክስቷ ረፋዱ ላይ ላከች። ጓደኛዋም ስለ ውድድሩ የምታውቀው ነገር የለም፤ የእሷም አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ነበር።

ተማሪዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው በዚህ መንገድ ይመጣል። የሚያጠቃን ሰው የምናምነውን ሰው ስም ይዞ ይመጣል፣ ደግሞም ያስቸኩለናል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ከዚያ ይነሳሉ።

ኮዱን እንደ ተራ ቁጥር ማየት

ያ ኮድ የቤታችሁ ቁልፍ ነው። ቴሌግራም ኮዱን ሲልክ እዚያው መልእክት ላይ «ከቴሌግራም ነኝ ቢላችሁ እንኳ ለማንም አትስጡ» ብሎ ይጽፋል። ችግሩ ቁጥሩን አይተን ጽሑፉን መዝለላችን ነው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ደውሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ስማችሁንም ቢያውቅ፣ ስልኩን ዝጉት።

አሁኑኑ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩት። ከዚያ በኋላ ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው እናንተ ብቻ የምታውቁት ፓስወርድ ይጠየቃል። የመልሶ ማግኛ ኢሜይል ማስገባት አትርሱ፤ ፓስወርዱ ቢጠፋባችሁ የምትመለሱት በእሱ ነው።

አንዴ ከተወሰደስ? ብዙዎች ደንግጠው አፑን ያጠፉታል ወይም ራሳቸው ከአካውንታቸው ይወጣሉ። ይህን በፍጹም አታድርጉ። በስልካችሁ ገና ክፍት ከሆነ እድል አላችሁ፣ ምክንያቱም አዲስ የገባ መሣሪያ የቆዩትን ወዲያው ማስወጣት አይፈቀድለትም። ሴቲንግ ውስጥ የተገናኙ መሣሪያዎች የሚለውን ክፈቱና ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ። ቀጥላችሁ ለሰው ሁሉ ደውሉ። መጻፍ አይበቃም፤ በእናንተ ስም ሌላ ሰው ሲጽፍ አድሯል።

«የወጣ ፈተና አለ» የሚለውን ማመን

ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፤ ልጆቹን የሚያገኛቸው በጣም በተጨነቁበት ሰዓት ነውና።

በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ገጾች በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥተው ፈተናው ተሰርዟል። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪዎች ሌላ ቀን እስኪቆረጥላቸው መጠበቅ ነበረባቸው። ያ ትዝታ እስካሁን የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው፣ ስልክ ሳይዙ መፈተን ጀመሩ። የቴሌግራም ቻናሎቹ ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር ይሞቃሉ። የድሮ ወረቀት ቀኑ ተቀይሮ ይለጠፋል። «ቀሪውን ለማግኘት ይህን ያህል ብር» ይባላል። ብሩ ሲላክ ቻናሉ ይዘጋል ወይም ልጁ ይታገዳል። ተጭበርብሯል፣ ለማን ይናገር? ራሱም ሊያጭበረብር ነበርና አፍሮ ዝም ይላል። ሌቦቹም የሚተማመኑት በዚያ ዝምታ ነው።

ከዚሁ ጋር የመፈተኛ ካርዳችሁን ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። ስማችሁና ቁጥራችሁ የተጻፈበት ካርድ ለማንም ሲታይ የሚጠቅማችሁ ነገር የለም። ስለ ፋይዳ መታወቂያም ያው ነው። «ስኮላርሺፕ አለ፣ መታወቂያና ትራንስክሪፕት ላኩ፣ የመመዝገቢያም ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን የራሱን ድረ ገጽ ፈልጉ። እዚያ ከሌለ፣ የለም ማለት ነው።

ስልክንና ፓስወርድን የፍቅር ማረጋገጫ ማድረግ

«ካመንሽኝ ፓስወርድሽን ስጪኝ» የሚል ፍቅር ብዙ አይቻለሁ። ፍቅሩ ሲያልቅ ፓስወርዱ ይቀራል። የስልክ ቁጥርንና የልደት ቀንን ፓስወርድ ማድረግም ተዉ፤ የክፍላችሁ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

በግሩፕ የሚመጣ ኤፒኬ መጫን

ኤፒኬ ከፕሌይ ስቶር ውጭ በፋይል የሚላክ አፕ ነው። «ፕሪሚየም በነፃ» ተብሎ ሲላክ ስልካችሁ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አታውቁም። አጭር የስልክ መልእክት የማንበብ ፈቃድ ከሰጣችሁት ደግሞ በዚያ የሚመጣላችሁን ኮድ ሁሉ ያነባል። አፕ ከፕሌይ ስቶር አውርዱ።

የሰው ፎቶ ማስተላለፍ

የክፍል ልጅ ሲጣላ፣ ሲወድቅ፣ ሲያለቅስ ይቀረፃል። ከዚያ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። «እኔ አልቀረፅኩም፣ ፎርዋርድ ብቻ ነው ያደረግኩት» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ለተቀረፀው ልጅ ልዩነት የለውም። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚገባው ቪዲዮውን ባዩት ሁሉ መሃል ነው፣ እናንተም ከተመልካቾቹ አንዱ ናችሁ። እጃችሁ ላይ ሲደርስ አጥፉትና ለልጁ «አይዞህ» በሉት።

በማስፈራሪያ ጊዜ ዝም ማለት

አንድ ሰው «ፎቶሽን ለቤተሰብሽ እልካለሁ» ብሎ ብር ወይም ሌላ ፎቶ ሲጠይቅ፣ ልጅቷ የመጀመሪያውን ብር ትልካለች። ያኔ ያበቃል ብላ ታስባለች። አያበቃም፤ የሚከፍል ሰው ተገኘ ማለት ነውና ጥያቄው ይጨምራል። ወንዶች ልጆችም ላይ ይደርሳል፣ እነሱ ደግሞ ጭራሽ አይናገሩም።

እንዲህ ከገጠማችሁ አትክፈሉ፣ አትለምኑትም። መልእክቱን፣ የተጠቃሚ ስሙንና የጠየቀውን የሒሳብ ቁጥር ስክሪንሾት አንሱ። ሳታነሱ አታጥፉ፣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ከዚያ ብሎክ አድርጉት። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት በዚህ መንገድ ሰውን ማስፈራራት ወንጀል ነው፤ ፖሊስ ጋ የምትሄዱት እንደ ተበዳይ ነው። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ሳለ የተነሳ ፎቶ ከሆነ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልካችሁ ሳይወጣ የዲጂታል አሻራውን ብቻ ይወስዳል፤ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያሉት በዚያ አሻራ ፎቶውን ፈልገው ያነሱታል።

ከሁሉም በፊት ግን ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሩ። ለእናት ከከበደ ለአክስት፣ ለአክስት ከከበደ ለመምህር።

ለወላጆችም የምለው አለኝ። የእህቴ ልጅ አካውንቷ መወሰዱን ያወቀችው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለእኛ የነገረችን ሰባት ሰዓት ላይ። አክስቷ ብሩን የላከችው አራት ሰዓት ላይ ነበር። ለምን እንደቆየች ስጠይቃት «ስልኬን ትቀሙኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። እናቷም አጠገባችን ነበረች። ስልኩን ከጠረጴዛው አንስታ መልሳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት፣ «ነይ፣ አብረን እናስተካክለው» አለቻት።