ሁለት ወር ያልከፈልኩት የባንክ ብድር እንዴት ተስተካከለ

የሚኒባሴ ሞተር ወርዶ ሁለት ወር ቆመ። ክፍያው ግን አልቆመም። ከባንኩ ሲደወል ስልክ አላነሳም ነበር። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው።

ብድር ክፍል የሠራ ጎረቤቴ «90 ቀን ሳይሞላው ሂድ» አለኝ። ካለፈ ብድሩ ከተበላሹት ይመደባል። መያዣው ቤቴ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ደግሞ ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ሐራጅ ማውጣት ይችላል። እንቅልፍ ከየት ይምጣ!

በማግስቱ ሄድኩ። ባዶ እጄን አይደለም፤ የጋራዡን ደረሰኝ፣ የገቢ ማስታወሻዬንና የአንድ ወር ክፍያ ይዤ። ጊዜው ተራዝሞ ወርሃዊ ክፍያው እንዲቀንስልኝ በማመልከቻ ጠየቅኩ። ቅጣቱን አልማሩኝም። ጊዜውን ግን በአንድ ዓመት አራዘሙልኝ። ጠቅላላ ወለዱ ይጨምራል፣ አውቃለሁ። አዲሱን ውል ከነመክፈያ ሠንጠረዡ ፈርሜ ኮፒውን ወሰድኩ። ሚኒባሱ አሁን መገናኛ መስመር ላይ ነው።