የጨረራ መለኪያ ይዞ መብረር፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ራጅ ክፍል ነው። ለሥልጠና የሚሄዱ ልጆች የኪስ ጨረራ መለኪያ ይዘው ከመብረራቸው በፊት ይጠይቁኛል። ሲመለሱ የሚነግሩኝ ግን እነዚያኑ ስህተቶች ነው።

ቁጥሩን አይቶ መደንገጥ። መሬት ላይ በሰዓት 0.1 ማይክሮሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ አሃድ) ገደማ ያነብ የነበረ መለኪያ፣ ትልቁ ጄት 11 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 2 ወይም 3 ቢያነብ አልተበላሸም። አውሮፕላኑም ምንም አልያዘም። ጨረራው ከጠፈር የሚመጣ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር የሚከልለን አየር ይሳሳል። የፊዚክስ ሊቁ ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በፊኛ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ያገኘው ይህንኑ ነው። በዚህ በኩል እኛ ዕድለኞች ነን። የምድር የማግኔት ወገብ በአገራችን ስለሚያልፍ፣ የምድር የማግኔት መስክ ከጠፈር ከሚመጣው ብዙውን ይመልስልናል። ወደ አውሮፓ ስትበሩ ግን ከፍታው ሳይለወጥ ቁጥሩ ይጨምራል።

እኔም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ስበር አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ። «እማማ፣ ይዩት፣ 20 እጥፍ ሆነ!» አልኳቸው። «ልጄ፣ እንግዲህ አለቅን በለኛ!» አሉና ማማተብ ጀመሩ። እስክናርፍ እህል አልቀመሱም። እስካሁን ይቆጨኛል። መናገር የነበረብኝ ሌላ ነበር። በሰዓት 3 ማይክሮሲቨርት ለ8 ሰዓት 24 ነው። ትንሿ መለኪያ ኒውትሮንን (የጨረራው አንዱን ክፍል) ስለማትቆጥር እጥፍ እናድርገው። ቢበዛ የሁለት ሦስት የደረት ራጅ ያህል ነው። ለእኛ ለሠራተኞች የተፈቀደው በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ማለትም 20,000 ማይክሮሲቨርት ነው። ማይክሮና ሚሊን አታምታቱ፤ ልዩነቱ 1,000 እጥፍ ነው።

የሥራ ባጃችሁን፣ ማለትም ደረት ላይ የሚደረገውን የጨረራ መመዝገቢያ፣ ቤት ተዉት። እሱ የሚመዘግበው ሥራ ላይ ያገኛችሁትን ነው። ሻንጣ ውስጥ ተረስቶ በፍተሻ ማሽን ካለፈ መዝገባችሁ ይበላሻል።

ፍተሻ ላይ ንግግራችሁን አስተካክሉ። አንድ ልጅ «ራዲዮአክቲቭ ነገር መለኪያ ይዣለሁ» ብሎ ሲጀምር ፈታሿ የሰማችው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነበር። አለቃ ተጠራ፣ ሻንጣው ተበረበረ፣ በረራው አመለጠው። «መለኪያ ነው፤ ከራሱ ምንም ጨረራ አያወጣም» በሉ። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ እንዳይጮህ አስቀድማችሁ አጥፉት።

መለኪያው መሥራቱን የምትፈትሹባትን ትንሿን የጨረራ ምንጭ ግን በፍጹም ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ እለምናችኋለሁ። ወረፋ ላይ መለኪያው በድንገት ቢጮህ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው የታይሮይድ ሕክምና ተደርጎለት ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የወሰደ ሊሆን ይችላል። የዚህ አዮዲን ግማሹ ለመጥፋት 8 ቀን ይፈጃል። ታሞ የዳነ ሰው ነው። ወደ እሱ አትዙሩ፣ አትጠቁሙ። ድምፁን አጥፉና ወረፋችሁን ጠብቁ።