ማሽን ያስገባል እንጂ አያስወጣም፦ ወረዳና ቀበሌ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወሰን የሚያበጁበት መንገድ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለወረዳ ምክር ቤት አባላት፣ ለቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎችና ስማቸው ከእርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር ለጎደለባቸው ሰዎች ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው ከመረጃ ተምሮ ስለ ሰው ነጥብ ወይም ምክር የሚሰጥ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው፤ ወሰኑ ሥርዓቱ ከመገዛቱ በፊት መቀመጥ አለበት። ሥርዓቱ አንዴ ከገባ የወረቀቱ መዝገብ ይተዋል፤ ባለሙያውም «ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ማለትን ይለምዳል።

መጀመሪያ ሥራዎቹን ለዩ። ኮምፒዩተር እንዲያግዝ የታሰበባቸውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፉና ከየአንዳንዱ ጎን «ቢሳሳት ማን ምን ያጣል?» ብላችሁ መልሱ። ቀጠሮ ማውጣት ወይም ደብዳቤ መለየት ቢሳሳት በማግስቱ ይታረማል። ከሴፍቲኔት መሰረዝ፣ የጤና መድን መዋጮ በነፃ የሚሸፈንላቸውን ድሆች መምረጥ፣ ሰውን «አጠራጣሪ» ብሎ መመዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው። በኔዘርላንድ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ የሚቀበሉ ወላጆችን በስህተት አጭበርባሪ ብሎ ብዙ ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ከቶ፣ በፈረንጆች ጥር 2021 የአገሪቱ መንግሥት ሥልጣን ለቋል። «ይህ ሰው ሊያጭበረብር ይችላል» እያለ ነጥብ የሚሰጠው የኮምፒዩተር ሥርዓት ዜግነትን ጭምር ይመዝን ነበር።

ለከባዶቹ ውሳኔዎች የምንመክረው ደንብ አጭር ነው፤ በምክር ቤት ውሳኔና በውሉ ውስጥ እንዲህ ይግባ፦

«ማንም ሰው በኮምፒዩተር ነጥብ ወይም ምክር ብቻ ከዝርዝር አይወጣም፣ አይከለከልም። የሚያስወጣው ባለሥልጣን ስሙን፣ ቀኑንና ምክንያቱን ባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ ጽፎ ይፈርማል።»

በአላግባብ የገባ ሰው በጀት ይነካል፤ በአላግባብ የወጣው ቤተሰብ ግን ምግቡን ያጣል፣ ደግሞም ከዝርዝሩ ስለጠፋ ማንም አያየውም። ኮታ ሲኖር አንዱ ሲገባ ሌላው መውጣቱ አይቀርም። የሚወጣውን መምረጥ የቀበሌው ስብሰባ ሥራ እንጂ የማሽኑ አይደለም።

ቀጥሎ መረጃውን መርምሩ፤ አብዛኛው ስህተት የሚወለደው እዚህ ነው። ወሎ ውስጥ ስም ብቻውን ያሳስታል። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሃመድ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ አምስት ዓይነት ይወጣል። በሌላ በኩል አንድ ቀበሌ ውስጥ ስድስት አሕመድ መሐመድ አይጠፋም። የልጅ ስም ክርስቲያን፣ የአባት ስም ሙስሊም በሆነበት ቤት ከስም ተነስቶ ሃይማኖት የሚገምት ፕሮግራም ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም፤ እንዲህ ያለውን ግምት ጨርሶ አትፍቀዱ። የልደት ዘመን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲቀየር 7 ወይም 8 ዓመት ይለያያል፤ ሳይቀየር የገባ ቁጥር የ58 ዓመቱን ሰው የ66 ያደርገዋል። ድንጋይ ሲፈልጡና ሲያርሱ የኖሩ እጆች አሻራቸው ስለሚደበዝዝ መሣሪያው ላያነባቸው ይችላል። ስለዚህ «አሻራው አልተነበበም» የሚል መልስ «መብት የለውም» ተብሎ እንዳይተረጎም አስጽፉ።

ገቢ ደግሞ የባሰ ነው። አውስትራሊያ ዓመታዊ ገቢን ለ26 የሁለት ሳምንት ክፍያዎች እኩል እያካፈለች ድጎማ ተቀባዮችን «ዕዳ አለባችሁ» አለች፤ አሠራሩ ሕገ ወጥ ሆኖ ተገኝቶ ገንዘቡ ተመለሰ። ሑመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የሁለት ወር ገንዘብ ይዞ የሚመለሰውን የአምባሰል ወጣት፣ ወይም ልጇ ከዓረብ አገር አንድ ጊዜ የላከችላትን የባቲ እናት በዚህ ስሌት አስቡት። የአንድ ጊዜ ገንዘብ የዓመት ገቢ ይሆንና ቤቱ «አቅም ያለው» ይባላል። በበልግ የሚኖረው ደጋም እንዲሁ ነው፤ የመኸርን ምርት ብቻ የተማረ ሥርዓት የበልግ ዝናብ የቀረበትን ቀበሌ ደህና ነው ይለዋል።

አሁን ሞክሩት። ከደጋ ቀበሌ 60፣ ከቆላ 60 አባወራና እማወራ በዕጣ አውጡ። ኮሚቴው የማሽኑን መልስ ሳያይ ይወስን፤ ከዚያ ሁለቱን አስተያዩ። መቁጠር ያለባችሁ ኮሚቴው «ይገባዋል» ብሎ ማሽኑ «አይገባውም» ያላቸውን ነው፤ ሴት የምትመራቸውን ቤቶች ለብቻ ቁጠሩ። አቅራቢው «90 በመቶ ትክክል ነው» ቢላችሁ አትርኩ፦ ከ100 ቤት 10ሩ ችግረኛ ከሆኑ፣ ማንንም ችግረኛ የማይል ማሽንም 90 በመቶ ትክክል ነው።

ፈራሚው በእርግጥ እንዲያነብ ጊዜ ስጡት። ለአንድ መዝገብ 10 ደቂቃ፣ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 36 መዝገብ ነው። 400 መዝገብ በሁለት ቀን የፈረመ ሰው አላነበበም። ማሽኑን ለመቃወም ሦስት ቅጽ፣ ለመስማማት አንድ ፊርማ የሚጠየቅ ከሆነ ሁሉም ይስማማል፤ ቅጹን እኩል አድርጉት። በወር አንዴም ማሽኑን ያልተቃወመ ባለሙያ ካለ 20 መዝገብ አውጥታችሁ ሌላ ሰው ያንብባቸው።

ውሉ ላይ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፦ ማሽኑ የሚያያቸው መረጃዎች ዝርዝር፣ ለየውሳኔው ምክንያቱን ማሳየት፣ የውሳኔ መዝገብ ማስቀመጥ፣ ውሉ ሲያበቃ ወረዳው መረጃውን ይዞ የመውጣት መብት። «የንግድ ምስጢር ነው» የሚል አቅራቢ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስማችሁ ከዝርዝሩ ከተሰረዘ መጀመሪያ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የገባበት ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። ማመልከቻው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ውሳኔው ላይ ኮምፒዩተር ገብቶ እንደሆነ፣ ስለ እኔ የትኛው መረጃ እንደተወሰደ፣ የወሰነው ሰው ማን እንደሆነ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የራስን መረጃ የማየትና የማስታረም መብት ይሰጣል፤ በማሽን ብቻ ስለሚሰጥ ውሳኔም ይደነግጋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ ሥርዓቱ ሰነድ ለማግኘት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ጠይቁ፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ከተከለከላችሁም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል። የከለከላችሁ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔውን በፍርድ ቤት ለማስመርመር መንገድ ይከፍታል።

ኮሚቴዎች ከዝርዝሩ የተሰረዙትን ስሞች በግድግዳ ብቻ አትለጥፉ፤ ማንበብ የማይችል አለ። በስብሰባና ሰው በሚበዛበት የገበያ ቀን፣ ባቲ ከሆነ ሰኞ፣ ይነበብ። የወረቀቱን ዝርዝርም በየወሩ እያደሳችሁ ቀበሌው ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ መብራትና ኔትወርክ በጠፋ ቀን እህሉ የሚከፋፈለው በእሱ ነው።