የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው የት ይቁም?

በጉባኤያችሁ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካለ፣ ስብከቱ ከመጀመሩ በፊት መስማት የተሳናቸው ወንድሞችና እኅቶች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ቁጭ በሉና አስተርጓሚውን በስልካችሁ አንድ ፎቶ አንሡት። ፊቱ ጠቁሮ ጥላ ብቻ ከወጣ ቦታው አልተመቸም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከጀርባው ያለው መስኮት ነው፤ ዐውደ ምሕረት ላይ ከሆነ ደግሞ የከሰዓት ፀሐይ። ሦስት አራት እርምጃ ፈቀቅ ይበልና ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይረፍ፤ ፀሐይዋ ከተቀማጮቹ ጀርባ ትሁን። ፀሐይ ስለምትዞር ረጅም ጉባኤ ከሆነ መሐል ላይ ደግማችሁ እዩት።

በምልክት ቋንቋ የሚናገረው እጅ ብቻ አይደለም። ቅንድብ ከፍ ሲል ዐረፍተ ነገሩ ጥያቄ ይሆናል። ፊቱ ካልታየ «ታምናለህ?» የሚለው ጥያቄ «ታምናለህ» ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ በስብከት ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነጠላውንም ልብ በሉ። ጫፉ ከትከሻ ተንሸራቶ እጅ ላይ ሲወርድ ምልክቱን ይሸፍናልና ከኋላ ይታሰር። የማታ ጉባኤ ላይ መብራት ከጠፋም ከፊት ለፊት ሆኖ በስልኩ የሚያበራለት አንድ ሰው ቀድማችሁ መድቡ።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ምልክት ቋንቋ ለሚያውቁ ነው። በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት ዘግይተው መስማት ያቆሙ ብዙ እናቶችና አባቶች ቋንቋውን አይችሉትም። ማንበብ ለሚችሉት የዕለቱን ምዕራፍና ቁጥር በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ስጧቸው።