የሞቃት ዓመት ቀይ ወይን፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ እንዴት ይቆያል፣ እንዴት ይቀመሳል?

በፈረንሳይ ቦርዶ እ.ኤ.አ. 2003፣ 2009፣ 2018 እና 2022 ሞቃት ዓመታት ነበሩ። እንዲህ ባለ ዓመት የፍሬው ስኳር ቶሎ ይሞላል፣ አሲዱ ይወርዳል፣ አልኮሉ ከፍ ይላል፣ ብዙ ጊዜም 14 በመቶን ያልፋል፤ ጠረኑም ወደ ማርማላታና የደረቀ ፕለም ያደላል። ይህ የወይኑ ተፈጥሮ ነው። መጋዘን ውስጥ ያገኘው ሙቀት ግን ሌላ ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው ደህናውን ጠርሙስ ጥሎ የተቃጠለውን ለዓመታት ያስቀምጣል።

1. ስትገዙ
ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሡ። አዲስ ወይን እስከ አንገቱ ሙሉ መሆን አለበት። ቡሹ ከአፉ ከፍ ብሎ ሽፋኑን ከገፋ፣ ወይም ከሽፋኑ ሥር የሚያጣብቅ ነገር ካለ፣ ተዉት። ወይን ሲሞቅ ያብጥና ቡሹን ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ሱቆች መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው የቆመ ጠርሙስ የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛ። ከአዲስ አበባ የምታመጡ ከሆነ ከመኪናው ኋላ የዕቃ መጫኛ ውስጥ አታስገቡት፤ የአዋሽ ቆላ እዚያው ይቀቅለዋል። በበረዶ ሳጥን፣ ከሰው ጋር ይጓዝ።

2. ማስቀመጥ
ዋናው ፈተና እዚህ ነው። የሚፈለገው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ፣ ጨለማ፣ ከ60 እስከ 75 በመቶ እርጥበት ነው። የኬሚካል ለውጥ በየ10 ዲግሪው በግምት በእጥፍ ይፈጥናል፤ ስለዚህ 30 ዲግሪ በሚያልፍ የድሬ ክፍል ወይን ማስቀመጥ ማቆየት ሳይሆን ማስረጀት ነው።

ድሬዳዋ ላይ አልጋ ሥር፣ ቁምሳጥን፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ሁሉም ከንቱ ነው። የሚሠራው አሮጌ ፍሪጅ ነው። ተራ ፍሪጅ 4 ዲግሪ ላይ ስለሚሆን ከፍሪጁ ውጭ የሚገጠም ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ግዙለትና 13 ላይ አቁሙት፤ መሣሪያው ፍሪጁን እያጠፋና እያበራ ሙቀቱን ይጠብቃል። የፍሪጅ አየር ደረቅ ስለሆነ አንድ ሳህን ውኃ ከታች አስገቡ፤ ካለዚያ ቡሹ ከጊዜ በኋላ ሊደርቅና አየር ሊያሳልፍ ይችላል። ጠርሙሶቹ ይጋደሙ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። የሞላ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ከባዶው ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ ቀሪውን ቦታ በውኃ ጠርሙሶች ሙሉት። ሽንኩርትና ቅቤ በፍጹም እዚያ አይግቡ።

ሐረር ይቀላል። ጀጎል ውስጥ ያለ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት፣ ከማድ ቤት የራቀ የታችኛው ክፍል ይበቃል። ከመወሰናችሁ በፊት ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚይዝ ቴርሞሜትር ለአንድ ሳምንት አስቀምጡ። ቀንና ሌሊት የሚለያይበት ከሁለት ሦስት ዲግሪ ካለፈ ጠርሙሶቹን በፎም ሳጥን አሽጉ። የማይዋዥቅ 18 ዲግሪ፣ በ12 እና በ24 መካከል ከሚመላለስ ይሻላል፤ ወይኑ ግን ቶሎ ይደርሳልና ጥበቃችሁን አሳጥሩ።

3. መቼ ይከፈት?
አልኮል የበዛበት ወይን ብዙ ዘመን ይቆያል የሚሉትን አትስሙ። የሚያቆየው አሲድና ታኒን (ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚወጣ፣ አፍን የሚያደርቅ ንጥረ ነገር) ነው፤ ሞቃት ዓመት ደግሞ የሚያጎድለው አሲዱን ነው። ከወይን ዝርያዎቹ መርሎ የበዛበት ቶሎ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን የበዛበት ዘግይቶ ይደርሳል። በየጊዜው አንድ አንድ እየከፈታችሁ ለመቅመስ ቢያንስ ሦስት ጠርሙስ ካልገዛችሁ መድረሱን የምታውቁበት መንገድ የለም።

4. መቅዳት
«በክፍል ሙቀት ይቅረብ» የሚለው ምክር ለድሬ አይሆንም። በ15 ዲግሪ ቅዱት፤ ብርጭቆው ውስጥ ወዲያው 18 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ከሄደ የሚሸተው አልኮሉ ብቻ ነው። ሞቆ ከመጣ በረዶና ውኃ ባለበት ባልዲ 15 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ያረጀ ከሆነ አተላው እንዲረጋ ከአንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና፣ በብርሃን ፊት በዝግታ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፤ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ።

5. መቅመስ
እጣን እየጨሰ፣ ቡና እየተቆላ አይቀመስም። ከበርጫ በኋላም እንዲሁ፤ ጫቱ ራሱ ታኒን ስላለው አፋችሁ አስቀድሞ ደርቋል።

ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሉና ዳሩን እዩ። ወጣት ሆኖ ዳሩ ቡናማ ከሆነ ጥርጣሬ ይግባችሁ። የሞቃት ዓመት ደህና ወይን ከማርማላታው ጀርባ ጥቁር ፍሬ፣ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ የሚመስል ጠረን ያሳያል። በመጋዘን የተቃጠለው ግን የፈላ ስኳርና ዘቢብ ብቻ ይሸታል፤ ጣዕሙም አፍ ውስጥ ሳይቆይ ይቆረጣል። ካልለየላችሁ ብርጭቆውን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አንድ ሰዓት ተዉት። የደህናው ጠረን ይወጣል፣ የተቃጠለው ይበልጥ ይደበዝዛል።

ታኒኑን ድድ ላይ ፈልጉት። የበሰለ ከሆነ እንደ ከፈይ ጨርቅ ይለሰልሳል። ድርቅ የጎዳው ተክል ሥራውን ስለሚያቆም ግን ስኳሩ ሲሞላ ታኒኑ ጥሬ ሊቀር ይችላል። ፍሬው ጠፍቶ ድርቀቱ ብቻ አፍ ላይ ከቀረ፣ ጊዜ አያድነውምና አሁኑኑ ጠጡት።

ምግቡ ሚጥሚጣ የሌለበት ጥብስ ይሁን፤ ቃሪያና ሚጥሚጣ የአልኮሉን ማቃጠል ያባብሳሉ። የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡ፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይጠጣል።