ከንጉሥ ዘር የተወለደ የሐይቅ ወንበዴ መሪ በልብ ወለድ እንዴት ይፈጠራል?

ምናባዊ ዓለም ለሚጽፍ ሰው ወሎ ጥሩ መነሻ አለው፤ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረው አምባ ግሸን፣ ከዚያም መውጫ ወንዝ የሌለው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ሐይቅ።

1. የዘር ሐረጉን ጻፉ። እስከ ቅድመ አያት መቁጠር ይበቃል። ዋናው ነገር ከእሱ በፊት የሚቀድሙት ወራሾች ቁጥር ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ታሪኩ የዙፋን ሽኩቻ ሆኖ ወንበዴነቱ ይረሳል። አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ግን ለመንገሥ ሩቅ፣ ለመታሰር ቅርብ ይሆናል፤ የሚያሸፍተውም ይኸው ነው።

2. ከአምባው ያስመለጠውን ሰው ወስኑ። ዙሪያው ገደል ስለሆነ ያለ ረዳት አይወረድም። ያ ረዳት በኋላ ውለታውን ይጠይቅ።

3. ታንኳውን በደንብ እወቁት፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከየጉዞው በኋላ ዳር አውጥቶ ማድረቅ ግድ ነው። በዚያ ሰዓት ወንበዴዎቹ እግረኞች ናቸው፤ ጠላት የሚመጣውም ያኔ ይሁን። የሚዘርፉት አሞሌ ጨው ከሆነ ደግሞ በእርጥብ ደንገል ላይ ይሟሟል፤ በስልቻ አድርገው ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይጫኑት። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው በውሃ ሸሽቶ ማምለጥ አይቻልም፤ መሪው በዳርቻው ቢያንስ ሁለት ወዳጅ መንደር ያስፈልገዋል። ያለ እነሱ ታሪኩ በሁለተኛው ምዕራፍ ያልቃል።

4. የምርኮውን ክፍፍል አስቀድማችሁ ደንግጉ። ለምሳሌ ከአሥር እጅ ሁለቱ ለመሪው፣ አንዱ ለቁስለኞችና ለሟች ቤተሰብ፣ ሰባቱ ለቀሪዎቹ እኩል። በቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ከሁሉ በፊት መርጦ ማንሳት ይቀናዋል። ተከታዮቹ የሚከዱት በዚህ የተነሳ ቢሆን አንባቢ ያምናል።

5. አጠራሩን ለዩ። ወጣቶቹ «ጌታዬ፣ ምን እንታዘዝ?» ሲሉት፣ መቅዘፍ ያስተማሩት ሽማግሌ «አንተ ልጄ» ይበሉት። የፈረስ ስምም፣ ማለትም መኳንንት በፈረሳቸው የሚጠሩበትን ስም፣ ስጡት፤ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ይባሉ እንደነበር። ፈረስ በሌለበት ውሃ ላይ አንድ ሰው በዚህ ስም ቢጠራው ማንነቱ ይገለጣል። ቀለበት ወይም የልደት ምልክት አሳይቶ ከማጋለጥ ይህ እጅግ ይሻላል።

ሲጀመር ከክፍፍሉ ቀን ጀምሩ፤ አሞሌው እየተቆጠረ፣ ታንኳዎቹ ገና ሳይደርቁ።